ከገደሉ ሥር ያለችው ምንቃራም

(ረፋድ ላይ፣ ከገደል ሥር። የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ መንበረ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክካ የዳይኖሰር አጥንት ታጸዳለች፤ አንጋፋው ቆፋሪ ይመር ከጉድጓዱ አፍ ቆመዋል።)

ይመር፦ ውጪ አልኩሽ እኮ! ገደሉ ተሰንጥቋል። ጠዋት ጣቴ የማይገባበት ስንጥቅ አሁን ክንዴን ይውጣል።

መንበረ፦ ጋሽ ይመር፣ አንድ ሰዓት ብቻ። የራስ ቅሏ ከድንጋዩ ሊለቅ ነው።

ይመር፦ ሌሎቹን ቆፋሪዎች ወደ ሜዳው ሰድጃቸዋለሁ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

መንበረ፦ ዛሬ ከዘነበ ጎርፍ ይወስዳታል። ምንቃሯን አዩት? የበቀቀን ነው የሚመስለው። ዘመዶቿ ኋላ ትልልቅ ቀንድ አወጡ፤ እሷ ገና ጉንጯ ላይ ጉብታ ብቻ ነው ያላት።

ይመር፦ በግ አታክልም። ይቺም አውሬ ሆና ሰው ታስፈራ ነበር?

መንበረ፦ ያኔ ሰው የታለና! ሣር እንኳ ገና አልበቀለም ነበር። ወንዝ ዳር ቅጠል እየቀነጠበች ነበር የምትኖረው።

ይመር፦ ታዲያ ምን ገደላት? ሥጋ በል?

መንበረ፦ አጥንቷ ላይ የጥርስ ምልክት የለም። አፈር ነው የተናደባት።

ይመር፦ መሮጥ አቅቷት?

መንበረ፦ እግሯስ ደህና ነበር።

ይመር፦ እና?

መንበረ፦ ከሆዷ ሥር አምስት ጫጩቶች አሉ። ትናንት ነው ያየኋቸው።

ይመር፦ ይህን እያወቅሽ እዚህ ትቀመጫለሽ?

መንበረ፦ ለመሸሽ ጊዜ አለኝ።

ይመር፦ እሷም እንዲያ መስሏት ይሆናል... ዝም በይ! ሰማሽ?

መንበረ፦ ጠጠር ነው።

ይመር፦ ጠጠር እንዲህ አያጓራም።

መንበረ፦ እንግዲያው እርስዎ ይሂዱ። የሚመጣው በእኔ ይምጣ።

ይመር፦ በአንቺ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩሽ።

መንበረ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ይመር፦ የሰባት ልጆች አባት ነኝ፣ ልጄ። ስትነሺ ወገብሽን እንዴት እንደምትይዢ አያለሁ። ጠዋት ጠዋት ከድንኳኑ ጀርባ ሲያስመልስሽም ሰምቻለሁ።

መንበረ፦ ...ለባለቤቴ እንኳ ገና አልነገርኩትም።

ይመር፦ እኔም ለማንም አላወራሁ።

መንበረ፦ እነዚህንስ? ጥያቸው ልውጣ?

ይመር፦ እነሱ የሞቱት ድሮ ነው።

መንበረ፦ ...እጅዎን ይስጡኝ።

ይመር፦ ያዢ። ቀስ ብለሽ ነይ፤ ወደ ላይ እንዳታዪ።