ባላምባራስ ክፍል የገቡ ዕለት

ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ሰው የገዛ ጥላውን ይፈራል። ባለፈው ሰኞ በእንግሊዝኛ ተስፋና ምኞት እንዴት እንደሚነገር ሳስተምር፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አንድ ባላምባራስ ሳይታሰብ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። የአንኮበሩ ቄስ ልጅ አስካለ ደግሞ ተነሥታ የመጽሐፉን ምሳሌ በእንግሊዝኛ አነበበች። «ምነው ንጉሥ በሆንኩ!» ይላል። በዚህ ሰሞን እንዲህ ያለ ምኞት ያሳስራል።

«ኪንግ ያለችው ምንድን ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«ለንጉሣችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ ማለቷ ነው፣ ጌታዬ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባላምባራስም አዩዋቸው።

«አስተማሪሽ እውነቷን ነው? አንቺ ልጅ፣ እስቲ ጃንሆይ ይሙቱ በይ!»

አስካለ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። አባቷ በሐሰት መማልን እንዴት እንደሚያዩት አውቃለሁ። «ተዪ፣ አትማይ» ልላት አሰብኩ፤ ግን መታሰሩን ፈርቼ ተውኩት።

«ጃንሆይ ይሙቱ፣ እውነቷን ነው» አለች።

«ጎሽ፣ ተባረኪ!» ብለው ወጡ። አስካለ ግን እንደቆመች ቀረች።

«እትዬ፣ አሁን ጃንሆይ ቢሞቱ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«አይደለሽም፣ ልጄ። ኃጢአቱ የኔ ነው» አልኳት። ይኸው ከዚያ ወዲህ የራዲዮ ዜና ሊጀመር ሲል «ጃንሆይን አኑርልኝ» እላለሁ።