ከመስታወቱ ሥር የከረመው ማዘዣ

ሽማግሌው መስታወት ቆራጭ አንድ ሰፊ መስታወት ጠረጴዛቸው ላይ አጋድመው፣ ማስመሪያውን አስደግፈው፣ መቁረጫውን ገና ሊጎትቱ ሲሉ እንግዳቸው መጣባቸው። እንግዳዬ የሚሉት የልባቸውን አመል ነው። ደህና ሲመታ የቆየው ልብ ድንገት ይዘላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ይመታል። ደረታቸው ውስጥ የታሰረ ነገር የሚንፈራገጥ ይመስላቸዋል። ያኔ መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ለማንም ትንፍሽ አይሉም።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ግን በሩ ላይ ሰው ቆሞ ኖሯል።

«እንደምን አደሩ አባቴ? ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ነው የመጣሁት። የመደርደሪያችን መስታወት ተሰንጥቆብን... ኧረ ምነው! አሞዎታል እንዴ?»

«የለም፣ የለም። ደህና ነኝ። ልኩን ይዘሻል?»

ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ናት፤ የመድኃኒት ባለሙያ። ልኩን የጻፈችበትን ወረቀት እንደያዘች አጠገባቸው በርከክ አለችና «እጅዎን ይፍቀዱልኝ» አለች። ለወትሮው ሰው እንዲነካቸው አይወዱም። የልጅቷ ድምፅ ግን የሆነ ሰው ድምፅ መሰላቸውና እጃቸውን ሰጡ። አንጓቸውን ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች።

«አባቴ፣ ይህ ምት ሥርዓት የለውም። ሐኪም አይቶዎታል?»

«ምን ሐኪም ያስፈልገዋል! ደግሞ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስልሽ» አሉና ወደ መደርደሪያቸው አገጫቸውን ቀሰሩ። ከመስታወት ማጣበቂያው ስቱኮ ቆርቆሮ አጠገብ ሰባት ብልቃጦች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። የዓሣ ዘይት፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሺየም፣ በእንክብል የታሸገ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ስማቸውን የማያውቋቸው ሌሎች ሁለት። «ልጄ ናት የምትልክልኝ፤ ባሕር ማዶ ነው ያለችው። በየሦስት ወሩ ሳይዛነፍ።»

ከግድግዳው ማዶ፣ ጎረቤታቸው ፍሬም ሠሪው፣ ሁሌም ጆሮውን ወደዚህ የሚጥለው፣ መዶሻውን አቁሞ ጮኸ።

«የኔ እመቤት፣ እሱን ሰውዬ ቁርስ በላህ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂው! ቁርሱ እንክብል ነው። ሲራመድ እኮ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንኮሻኮሻል!»

«አንተ ምስማርህን ምታ!» አሉት።

ልጅቷ ሳቅ አለች። ብልቃጦቹን እያነሣች አነበበች፤ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ልኩን ልትነግራቸው ወደ ጠረጴዛው ስትጎነበስ ዓይኗ ከመስታወቱ ሥር ገባ።

የጠረጴዛቸው ፊት ወፍራም መስታወት ነው። ከሥሩ ትናንሽ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ ከየጥቅሉ ጋር የመጡ የልጃቸው ማስታወሻዎች። «አባባ፣ የዓሣ ዘይቱን ከምግብ በኋላ።» «አባባ፣ ይሄኛውን ማታ ማታ ውሰደው።» «አባባ፣ ያለፈው አለቀ ወይ?» ትርፍ ቃል የለባቸውም። ሽማግሌው ግን ሥራ በሌለ ሰዓት ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አድርገው «አባባ» የምትለዋን ቃል ይዳስሷታል። የደንበኛ መስታወት ላይ አንዲት የጣት አሻራ ብታርፍ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው፣ በነዚያ ቃላት ላይ ያለውን እድፍ ጠርገውት አያውቁም።

ከማስታወሻዎቹ አንዷን ተጠግታ፣ ግማሽ ጎኗ የወጣ ሌላ ወረቀት አለች። ማኅተም አለባት።

«አባቴ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ይህቺኛዋን እንኳን ልጅዎ የጻፈቻት አልመሰለኝም።»

ሽማግሌው ወረቀቷን በመዳፋቸው ከለሏት። የመድኃኒት ማዘዣ ናት፤ ስምንት ወሯ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ራሳቸውን አዙሯቸው ሰዎች ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ነበር። ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ልባቸውን በወረቀት ላይ ሣሉት፤ ሐኪሙም ይህቺን ጻፈ። እሳቸው አምጥተው ከልጃቸው ጽሑፍ ጎን አስተኟት። እዚያው ከረመች።

«እንግዲህ ካየሽው አየሽው» አሉ በመጨረሻ። «የጻፈልኝ ደም ማቅጠኛ ነው። እጄን እዪው።» ዘረጉላት። ጣቶቻቸው ላይ የድሮ ጠባሳ ሞልቷል። «አርባ ዓመት ከመስታወት ጋር ስንነካከስ ኖረናል። በሳምንት አንዴ ሳይቆርጠኝ አይቀርም። ታዲያ ደሜን አቅጥነሽ መስታወት ስጪኝ፤ ማታ ከቤቴ የሚገባው ባዶ ከረጢት ነው!»

«ፍርሃትዎ የሞኝ ፍርሃት አይደለም፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ግን ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘው ነግሮዎት ነበር?»

«ተናግሯል፤ እኔ ጆሮ አልሰጠሁትም።»

«የልባችን የላይኞቹ ክፍሎች ደሙን ጨምቀው ወደ ታች መግፋት አለባቸው። የእርስዎ ግን ይንቀጠቀጣሉ እንጂ አይጨምቁም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ያልተገፋ ደም ጥግ ይዞ ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል።»

«ኧረ ተይ ልጄ! ደም የሚረጋው ከወጣ በኋላ ነው። ውስጥ እያለ በምን ይረጋል?»

ልጅቷ ዙሪያዋን ቃኘች። ጥግ ላይ የመስታወት ጠርዝ የሚሞረድበት ማሽን አለ፤ ከሥሩ ገንዳ፣ ከገንዳው የሚወጣ ቱቦ።

«ገንዳው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«የመስታወት ዱቄት ነው። ሲሞረድ ውሃው ያጥበዋል።»

«ማሽኑ እየዞረ ሳለ አይደርቅም?»

«ምን ሲደረግ! ውሃው ይመላለሳል፤ ወተት መስሎ በቱቦው ይወጣል።»

«ሳምንት ቢቆምስ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ገንዳው መለሱ። በሌላ ድምፅ ተናገሩ።

«ድንጋይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ ሳምንት ተኝቼ ስመለስ በመሮ ነው የፈለጥኩት። ማሽኑን ሳስነሣው ደግሞ አንዷ ስባሪ ሄዳ ቱቦውን ደፈነችው።»

«የልብዎ ቱቦ ወደ አንጎል ነው የሚወስደው፣ አባቴ።»

ሰው ሌላው ሲነግረው እምቢ ያለውን ነገር የገዛ እጁ ሥራ ሲነግረው ይሰማል። ሽማግሌው ያንን ገንዳ በየማታው ያጥቡታል፤ የራሳቸውን ገንዳ ግን ስምንት ወር ሙሉ ትተውታል።

«ስቆረጥስ?» አሉ፤ የክርክር ድምፅ ሳይሆን የጥያቄ።

«ደምዎ ውሃ አይሆንም፤ ለመርጋት ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉና አሥር ደቂቃ ሙሉ ጥብቅ አድርገው ይጫኑት፤ መሃል ላይ ገለጥ አድርጎ ማየት የለም። ጥልቅ ከሆነ ወይ አልቆም ካለ ሐኪም ቤት። ራስዎን ክፉኛ ቢመታዎት ወይ ሰገራዎ ቢጠቁር ደግሞ አይዋሉ አይደሩ። ከዚህ በኋላ ደግሞ ጓንት ያደርጋሉ።»

«በጓንት መስታወት አይዳሰስም!»

«ይለመዳል።»

«እሺ፣ እነዚህስ?» ድምፃቸው ሻከረ፤ ወደ ብልቃጦቹ አዩ። «ልጅዎ መርዝ ላከችልዎ ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ከልቧ ነው የላከችው። ግን የዓሣ ዘይት በብዛት ሲወሰድ ይህንኑ መንቀጥቀጥ በአንዳንድ ሰው ላይ እንደሚያመጣ ተጠንቷል። ማግኒዚየሙና ፖታሺየሙ የሚጠቅሙት ደም ተመርምሮ ጎድለው ሲገኙ ነው፤ ኩላሊት ከደከመ ፖታሺየም ተጠራቅሞ ራሱ ልብን ያውካል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ወጥዎ ውስጥ ይብሏቸው፤ በእንክብል ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ ግን መድማትን ያብሳሉ። ከሰባቱ አንዱም ያንን ስባሪ ከቱቦው አያስቀርልዎትም።»

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሡ፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሰልፋቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይህን ግን ትምህርት ቤት አልነገሩሽም። ልጄ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ከዚያ በየወሩ። ከዚያ ሥራው ያዛት፤ አልፈርድባትም። አንድ ቀን በስልክ 'ልቤ ይርበተበታል' አልኳት፤ በወሩ ጥቅል መጣ። 'ተሻለህ?' ብላ ጻፈች። 'ተሻለኝ' አልኩ፤ ሌላ መጣ። አየሽ፣ የሚያገናኘን ይህ ሕመም ነው። እኔ ከዳንኩ ምን ብላ ትጽፍልኛለች?»

እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ አይመልሱትም። ልጅቷ ጣቷን በመስታወቱ ላይ፣ «አባባ» በምትለው ቃል ላይ አሳረፈች።

«ያ የረጋ ደም አንጎል ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎት? ፊት ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ አንድ እጅ አልታዘዝ ይላል፤ አንደበት ይያዛል። አንዷን እንኳ ካዩ በዚያችው ደቂቃ ሐኪም ቤት ነው፤ አንዳንዴ ይደረስበታል፣ አንዳንዴ አይደረስም። እንግዲህ ያልተደረሰበት ቀን ልጅዎ ደውላ 'አባባ' ብትልዎ፣ 'ወይ የኔ ልጅ' ማን ይላታል? ይህ መድኃኒት የሚጠብቀው ደምዎን ብቻ አይደለም፤ ያቺን 'ወይ' ጭምር ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያልቆሸሸውን፣ ብዙ ጠረጉት። ከዚያ ወፍራሙን መስታወት በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው «ሳቢያት» አሏት። ማዘዣዋ ወጣች።

«ቆይታለች፤ በዚህች ማዘዣ መድኃኒት አልሰጥዎትም። እንደገና መታየት አለብዎት። ብልቃጦቹንም ሰባቱንም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ሳያያቸው አንዱንም አይዋጡ። ግን ከዚያ በፊት ይደውሉላት።»

«አሁን? ሥራ ላይ ናት።»

«ይደውሉ።»

ደወሉ። ልጅቷ ልትወጣ ስትል በእጃቸው ቁጭ በይ አሏት። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ ተነሣ።

«አባባ? ምን ሆንክ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልሆንኩም የኔ ልጅ። አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ፤ እሱን ልነግርሽ ነው። የላክሽልኝ እንክብል... አልተሻለኝም። ሐኪም ሌላ መድኃኒት አዞልኝ ደብቄው ነበር።»

«ለምን አባባ?»

«መላክ ታቆሚያለሽ ብዬ።»

በስልኩ የምትሠራበት መጋዘን ጩኸት ይሰማል፤ የሚጎተት ሳጥን፣ የሰው ድምፅ። ልጃቸው አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ ተናገረች።

«እኔ እኮ አባባ፣ የምልከው ቢጠፋኝ ነው። ሳልደውል ብዙ ቆየሁና አፈርኩ። ምን ብዬ ልጀምር? እንክብሉ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። ራሴን በሳጥን አሽጌ መላክ ብችል አንድ ብልቃጥ አታይም ነበር።»

«እና ሁለታችንም...» አሉ ሽማግሌው።

«ሁለታችንም» አለች።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄዱ። ፍሬም ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ብልቃጦቹን በዘንቢል ተሸክሞ ተከተላቸው፤ መንገዱን ሁሉ «ይኸውና መድኃኒት ቤቱ በእግሩ ሲሄድ» እያለ። ደማቸውና ኩላሊታቸው ታየ። ሐኪሙ ለዕድሜያቸውና ለኩላሊታቸው የሚሆነውን ደም ማቅጠኛና የልብን ሩጫ የሚገታ ሌላ ክኒን ሰጣቸው፤ ማግኒዚየሙም ፖታሺየሙም አልጎደሉም ነበርና ብልቃጦቹን ሁሉ እንዲተዉ አዘዛቸው። ጨው ይቀንሱ፣ መጠጡን ይተዉ፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፣ ክኒኑን ደህና ሆንኩ ብለው እንዳያቋርጡ፣ ለራስ ምታት እንኳ ሳይጠይቁኝ ምንም እንዳይውጡ አላቸው። ሽማግሌው ሁሉንም እሺ አሉ። መጠጡ ላይ ፍሬም ሠሪው በጣም አዘነ፤ ሌላ የሚያጣጣው አልነበረውማ።

እንግዳቸው ጨርሶ አልቀረም። አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ግን አይቆይም፣ እንደ ድሮው አያንገላታቸውም። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው አያጥርም። አንድ ቀን ጣታቸውን ቆረጣቸው፤ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሰዓቱን እያዩ አሥር ደቂቃ ተጫኑት። ቆመ። ቀሪውን መስታወት ቆርጠው ጨረሱ። በሦስተኛው ወር ጥቅል መጣ፤ ሲያነሡት ቀለል አላቸው። ውስጡ አንድ ጥንድ ስስ የመስታወት ሠራተኛ ጓንት ነበር። ማስታወሻዋ እንዲህ ትላለች፦ «አባባ፣ ይሄኛው ከምግብ በፊትም በኋላም።»

የመድኃኒት ባለሙያዋ ለሽማግሌው አንድ ነገር ደግሞ አስተምራቸው ነበር፤ ጠዋት ተቀምጠው አንጓቸውን ይዘው ምታቸውን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ቁጥሩን ለልጃቸው በስልክ መንገር ጀመሩ። «ሰባ አራት» ሲሉ «ጎበዝ» ትላለች፤ ከዘጠና ካለፈ «ቁጭ በል፣ ደግመህ ቁጠር።» መጀመሪያ ቆጥረው ነበር የሚደውሉላት። አንድ ጠዋት ግን ሳይቆጥሩ ደወለችና «ቆይ፣ እጠብቅሃለሁ» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በማስታወሻዎቿ ላይ አስቀመጡት። እሷም በዚያ ማዶ የራሷን አንጓ ይዛ ኖሯል። ሁለቱም ዝም ብለው ቆጠሩ።

«ሰባ ሁለት» አሉ አባት።

«ሰባ ስምንት» አለች ልጅ።

«ሮጠሽ ነው?»

«የለም» አለች። «ነገ ደግሞ አብረን እንቁጠር።»