ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው

ቡሬ አጠገብ ገጠር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲዞር ፊርማዬን አሳምሬ አኖርኩና አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ፣ ለአያ ደሴ፣ ዕውቀት ለገስኳቸው። «ልጆች ዩቲዩብ ላይ የሚጫኑት ‹ሰብስክራይብ› ጥንት ከጽሑፍ ግርጌ ፈርሞ ከላይ ባለው መስማማት ማለት ነበር። አሁን ያ ትርጉም ቀርቷል።»

«ታዲያ ከላይ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አቴንዳንስ ነዋ» አልኩ። የተማረ ሰው ምን ሊያደርግ ያነባል።

እሳቸው ጣታቸውን ቀለም ከማስነካታቸው በፊት ጸሐፊውን አስነበቡት። «ከታች የፈረምነው ወሩን ሙሉ በየጠዋቱ እርከን ልንሠራ ተስማምተናል» ይላል። «እኔስ ለመስማት ነው የመጣሁ» ብለው ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ።

በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሜ ሳዘግም በበቅሎ አለፉ። «መምህር፣ ያ ትርጉም ቀርቷል ብለውኝ አልነበር?»