ባሻ የማረኩት ካሚዮን

የጣሊያንን ጊዜ ካነሳችሁ አይቀር፣ አለቃችን ባሻ ካሚዮን የማረኩ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ከጫጫ ወዲህ አድፍጠን ተኩስ ብንከፍት፣ ጣሊያኖቹ መኪናውን ሞተሩ እንደተነሳ ትተውልን እግሬ አውጪኝ አሉ። ባሻ ደስታቸው ወሰን አጣ። "ይሄንንማ አንኮበር ሳላደርሰው አልቀርም!" አሉ። አዲስ አበባ መኪና ይነዳ የነበረው ወዳጄ በቀለ መሪውን ጨበጠ፤ እኛም ላዩ ላይ ተሰቅለን እየፎከርን ሄድን። ጥርጊያው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ግን ካሚዮኑ ሁለቴ አስነጠሰና ቀጥ አለ።

"ምን ሆነ?" አሉ ባሻ።

"ቤንዚን ጨረሰ። መብሉ ነው ጌታዬ" አለ በቀለ።

"የት ነው የሚገኘው? ጣሊያን አገር?"

"ኧረ እነሱም የላቸው! ከሰው አገር በመርከብ ጭነው ነው የሚያመጡት።"

ባሻ ካሚዮኑን አንዴ ዞሩትና "በል እንግዲህ፣ የማረክነው በሬውን ብቻ ነው፤ ድርቆሹም ድርቆሽ አምጪውም እነሱ ዘንድ ቀርቷል" አሉ።

ሁላችንም ኩም አልን። አንዱማ "እናቃጥለውና እንሂድ" አለ። ባሻ ግን ድንጋይና እሾህ የተለተለውን ባዶ እግራችንን አዩ፣ ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ከዚያ ጩቤያቸውን መዘዙ። ጎማ መቁረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ መዳፋችን ተላጠ! የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማ ግን ሁላችንም የጎማ ጫማችንን በጠፍር አስረን ዳገቱን አጋምሰነዋል። ባሻ ጎማ አልባውን ካሚዮን ቁልቁል አይተው፣ እግራቸው ላይ ያሰሩትን ጎማ እያሳዩ ከት ብለው ሳቁ።

"በቀለ! አንኮበር አደርሰዋለሁ አላልኩህም?"