የደመላሽ ፕላኔት

(አዲስ አበባ፣ የጠፈር ቴሌስኮፕ ካሜራ የሚነደፍበት ቤተ ሙከራ፤ ነገ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር አስካለ ከሁለት የኮከብ መከለያዎች አንዱን ይመርጣሉ፤ ሠሪዎቹ ደመላሽና ፍሬሰንበት ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመዋል።)

ደመላሽ፦ አላገኘሽም አልኩሽ። በቃ፣ አላገኘሽም።

ፍሬሰንበት፦ ለፈተናው የደበቅክብኝን የውሸት ፕላኔት ሥዕሉ ላይ አግኝቻታለሁ። ከታች በስተግራ፣ ደብዘዝ ያለች ነጥብ።

ደመላሽ፦ አቧራ ይሆናላ።

ፍሬሰንበት፦ አቧራ መጥረግ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? ደጋግሜ ጠርጌዋለሁ።

ደመላሽ፦ ማስተማሬንማ መቼ ረሳሁት። ሌንስ በየት በኩል እንደሚያዝ ሳታውቂ ነው የመጣሽው። ይኸው ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው።

ፍሬሰንበት፦ ገና አልበለጠም። የሚለየው ነገ ነው።

ደመላሽ፦ ተይ ባክሽ። ዶክተር አስካለ የእኔን መከለያ አንስተው «ጥሩ ነው» ብለው አስቀመጡት። ያንቺን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመሳቢያ እያወጡ ያሳያሉ።

ፍሬሰንበት፦ ጠርዙ አደይ አበባ ስለሚመስል ነው።

ደመላሽ፦ ለእንቁጣጣሽ ነው እንዴ የምንሠራው? የኮከቡን ብርሃን ከልለን አጠገቡ ያለችውን ምድር መሳይ ማሳየት ነው ሥራችን። ፀሐይ ዓይንሽን ስትወጋሽ በመዳፍሽ ትከልያለሽ እንጂ መዳፍሽን አበባ አታስመስይም።

ፍሬሰንበት፦ በመዳፍህ ስትከልልም በጣቶችህ ጠርዝ ብርሃን ሾልኮ ይገባል። ያንተ ክብ መከለያም እንደዚያው ያፈሳል። የእኔ አያፈስም። ይህን አሳምረህ ታውቃለህ፤ የሚያንገበግብህም ይኸው ነው።

ደመላሽ፦ ምን ልዋሽሽ፣ ያንገበግበኛል። ስንት ክረምት እዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከርሜ፣ ጠፈር የሚወጣው ያንቺ ሊሆን ነው። የእኔ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር።

ፍሬሰንበት፦ እኔስ የማልቀና መስሎህ ነው? እኔ ሳምንት የምታገለውን ስሌት አንተ ሻይ እየጠጣህ ስትጨርሰው፣ ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ግን ደንቡ ደንብ ነው። ኮከብ ባደረግነው አምፖል አጠገብ አንዳችን ለሌላችን የውሸት ፕላኔት የምትሆን ትንሽ አምፖል እንደብቃለን፤ በየመከለያችን ፈልገን እናገኛለን። እኔ ደበቅኩልህ፣ አገኘሃት።

ደመላሽ፦ አገኘኋት።

ፍሬሰንበት፦ የሚገባትን ብርሃን ስለሰጠኋት ነው። ጥቂት ባደበዝዛት መከለያህ ባላሳየህ ነበር። እጄ ማስተካከያው ላይ ሆኖ አስቤዋለሁ፤ ተውኩት።

ደመላሽ፦ ምን ለማለት ነው?

ፍሬሰንበት፦ ምንም። ነገ ለዶክተር አስካለ ነጥቧን አሳያቸዋለሁ ለማለት ነው።

ደመላሽ፦ አሳዪያቸውና ይሳቅብሽ።

ፍሬሰንበት፦ ለምን ይሳቅብኛል?

ደመላሽ፦ እዚያ ምንም የለማ።

ፍሬሰንበት፦ እሺ፣ ከታች ካልሆነች ከላይ ናት?

ደመላሽ፦ ከላይም የለችም።

ፍሬሰንበት፦ በስተቀኝ?

ደመላሽ፦ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? የትም የለችም። ነጥቧን የፈጠረብሽ መከለያሽ ነው፤ ያፈሳል ማለት ነው። ትንሿን አምፖል እኮ ጭራሽ አላበራኋትም።

ፍሬሰንበት፦ አላበራኋትም አልክ?

ደመላሽ፦ አዎ… ማለቴ…

ፍሬሰንበት፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ደመላሽ፦ ፍሬ፣ አንዴ ስሚኝ። ስትፈልጊ ከርመሽ ባዶ እጅሽን እንድትወጪ ብዬ ነው። ወይም ያላየሽውን አየሁ ብለሽ እንድትዋረጂ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ፍሬሰንበት፦ ስምህን በገዛ እጅህ ልታጠፋ?

ደመላሽ፦ ጠፍቷል እንግዲህ። ግን አንቺም የሌለች ነጥብ አይተሻል፤ ያ ከታወቀ መከለያሽ ወደቀ። ስለዚህ እንስማማ። አንቺ ስለ አምፖሏ፣ እኔ ስለ ነጥቧ ዝም እንበል፤ ፈተናው ይደገም። አሁኑኑ ሄደን ዶክተርን እንለምናቸው።

ፍሬሰንበት፦ እኔ ምንም ነጥብ አላየሁም፣ ደመላሽ።

ደመላሽ፦ ምን አልሽ?

ፍሬሰንበት፦ ባየው ባየው ጨለማ ብቻ ነው። ጠዋት ዶክተር አስካለ ዘንድ ገብቼ «ሥዕሉ ባዶ ነው፤ ምንም አልተደበቀበትም» አልኳቸው። «መከለያሽን ይህን ያህል ታምኚዋለሽ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «እንግዲያው ሂጂና ከራሱ አፍ ስሚ» ብለው ላኩኝ።