የማያመው ጣት

ከረሜላ አብሳዩ ወደ መድኃኒት ቤቱ የገባው የቁስል ቅባት ሊገዛ ነበር፤ ከበሩ ላይ ግን ከእህቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የምትመረምር፣ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ መልሱን የምታቀብል ናት። አጎቷ ሲያያት ፊቱ በራ፣ እጁ ግን ወደ ኪሱ ሸሸ። ፊቱና እጁ ያልተስማሙለት ሰው የሆነ ነገር እንደሚደብቅ ለማወቅ ብዙ መማር አያሻም።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያምጡ እስቲ።»

«ሰላምታ እንኳ ቀረ? ደህና ነኝ ልጄ፤ አንቺስ?»

«ያምጡ።»

አመጣ። የጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ተልጧል፤ ጠርዙም መጥቆር ጀምሯል።

«መቼ ነው የተቃጠሉት?»

«ባለፈው ሳምንት መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ሲቃጠሉ አላወቁም?»

«መች አመመኝና!» አለ ኮራ ብሎ። «እሳት እኔን ማክበር ከጀመረ ቆየ።»

ኩራቱ ከሥራው የመጣ ነው። እሱ በሚሠራበት ቤት የስኳሩ መድረስ የሚለካው በጣት ነው። አብሳዩ ጣቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክርና ከሚንተከተከው የስኳር ሽሮፕ ላፍ አድርጎ መልሶ ውኃው ውስጥ ይከተዋል። የቀዘቀዘው ስኳር ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል ማለት ነው። ጀማሪ ይጮሃል፤ ነባር ከንፈሩን ይነክሳል። እሱ ግን ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ፊቱን እንኳ አይቋጥርም። ባልደረቦቹ «ብረት ጣት» አሉት፤ እሱም ማዕረግ ነው ብሎ ተቀበለ።

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች።

«ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት። ከፈለግሽ ተከተይኝ።»

ተከተለችው። ከረሜላ ቤቱ ወለሉ ነጭ ሸክላ የተነጠፈበት፣ ግድግዳው በእንፋሎት የሚያልበው፣ አየሩ ራሱ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ክፍል ነው። በረጅሙ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ጫፍ አንዲት ነባር ሠራተኛ ተቀምጣ ከረሜላ ትጠቀልላለች። አብሳዩ በርጩማው ላይ አረፈና ሻዩን ቀዳ፤ ስኳሩንም እጁ እስኪደክም ጨመረ።

«የስኳር በሽታ ኪኒንዎን እየወሰዱ ነው?» አለች የእህቱ ልጅ።

«ተውኩት።»

«ምን ሲሉ ተዉት?»

«ሬዲዮ አትሰሚም እንዴ? አዲስ ቆሽት እንደ ችግኝ ሊያበቅሉልን ነው። አዲስ የሚተከልልኝ ከሆነ ላሮጌው ምን አስጨነቀኝ? እስከዚያው እንደ ልቤ ልብላ።»

«ጋሼ፣ ኧረ ቆሽቴን አያሳርሩት!»

«ይኸው፣ ያንቺም አልዳነም! ወረፋ ልያዝልሽ?»

ከረሜላ ጠቅላይዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ልጅቱ አልሳቀችም፤ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የሰሙት ውሸት አይደለም። ግንድ ሴል ከሚባለው፣ ገና ምን እንደሚሆን ካልለየለት የሰውነት ሕዋስ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሴሎችን ማሳደግ ተችሏል። ለጥቂት ሕሙማን ተተክሎላቸው መርፌ እስከ መተው የደረሱ አሉ። ግን ገና ሙከራ ነው። እነዚያ ሰዎች የያዛቸውም ሌላ ዓይነት ነው፤ የራሳቸው ሰውነት ቆሽታቸው ላይ የተነሣባቸው ናቸው። የተተከለው እንዳይባረር የሚሰጠው መድኃኒትም የራሱ ጣጣ አለው። የእርስዎ ቆሽት ግን ዛሬም ኢንሱሊን ይሠራል፤ አልሰማም ያለው ሰውነትዎ ነው።»

«ቢሆንም ይመጣል ማለትሽ ነዋ!»

«ይመጣ ይሆናል። እርስዎ ግን አውቶቡሱ ይመጣል ብለው መንገዱ መሐል ተኝተዋል።»

አብሳዩ ሻዩን ፉት አለ። እንዲህ ያለ አባባል ከራሱ አፍ ቢወጣ ኖሮ ደስ ባለው ነበር።

«እኔ በስኳር ነው ያደግሁት» አለ። «ዓሣን ውኃ ይገድለዋል?»

«ሲፈላ ይገድለዋል።»

«አባቴ ማር በጣቱ እየላሰ ዘጠና ዓመት ኖረ!»

«አያቴ ከጎህ እስከ ማታ እግራቸው አያርፍም ነበር፤ ማሩም ሲገኝ ነው። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይቀምሳሉ፤ ሻይዎ ውስጥ ማንኪያ ይቆማል። በሽታውን ስኳር ብቻውን አመጣብዎት አልልም። ዘርም፣ ውፍረትም፣ መቀመጥም ድርሻ አላቸው። አንዴ ከመጣ በኋላ ግን ደም ውስጥ የተረፈው ስኳር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችንና ነርቮችን ይበላል። የሚጀምረውም ከዳር ነው፤ ከእግርና ከጣት።»

«ታዲያ የኔ ጣት…»

«ጣትዎ እሳቱን አላሸነፈም፣ ጋሼ። የሞተው መቃጠልዎን የሚነግርዎት ነርቭ ነው።»

ጠቅላይዋ እጇን አቆመች። ለስንት ጊዜ ስታደንቀው የኖረችው ነገር በሽታ መሆኑን መስማት ለእሷም ቀላል አልነበረም። አብሳዩ ግን ሰው እያየ መረታትን አይወድም።

«ሐኪሞቹ ይጠግኑታል።»

«ይህ ድስት ማረር ሲጀምር ምን ያደርጋሉ? አዲስ ስኳር ይጨምሩበታል?»

«አብጃለሁ እንዴ? መጀመሪያ ከእሳቱ ነው የማወርደው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

አብሳዩ በገዛ አፉ መያዙ ገብቶታል። ክርክር ያለቀበት ሽማግሌ ደግሞ የመጨረሻ ጥይቱ ዕድሜው ነው።

«ትናንት በጀርባዬ ያዘልኩሽ ልጅ ዛሬ ልታስተምሪኝ!» ብሎ ተነሣና ወደ ድስቱ ሄደ።

የእህቱ ልጅ ወለሉን ነበር የምታየው። ከበርጩማው እስከ ምድጃው፣ በእያንዳንዱ ሁለተኛ እርምጃ፣ ነጩ ሸክላ ላይ ቀይ ነጥብ ታትሟል።

«ዛሬ የምትሠሩት ከረሜላ ምን ቀለም ነው?» አለች ወደ ጠቅላይዋ ዞራ።

«የሎሚ ነው፤ ቢጫ።»

«ቀዩ መቼ ነው የተሠራው?»

«ኧረ ቀይ ከሠራን ወር…» ሴትዮዋ ቃሉን አልጨረሰችውም። «ከትናንት ጀምሮ ስወለውለው ቀለም መስሎኝ ነበር። እናንተ!»

በዚያ ቤት ቀይ ጠብታ የሚያስደነግጠው ሰው የለም፤ ቀለም ሁልጊዜ ይፈስሳል። አብሳዩም ወደ ኋላው ዞሮ ዱካውን አየና እንደሌሎቹ ቀለም ነው አለ። ከዚያ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን የዕለቱን ቀለም ማሰሮ አየ፤ ቢጫ ነው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጫማውን ያወለቀችለት የእህቱ ልጅ ናት። የስኳር ሣጥን ሚስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል፤ ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቋል።

«ያመዎታል?» አለች ዳር ዳሩን እየነካች።

እግሩን ልክ እንደ ሌላ ሰው እግር አየው። ከትናንት ጀምሮ ቆሞበታል፤ ደረጃ ወጥቶበታል፤ መድኃኒት ቤት ድረስ ለጣቱ ቅባት ፍለጋ ሄዶበታል።

«አያመኝም» አለ። በዚህ ጊዜ ኩራት አልነበረበትም። ቀጥሎ ለጠቅላይዋ «ድስቱን አውርጂው» አላትና በእህቱ ልጅ ትከሻ ተደግፎ ወጣ።

ሐኪሙ ቁስሉን ሲያጥብ ብዙ አልተናገረም። አጥንቱ አልተነካም፤ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ግን ወሬው ስለ ሚስማር ሳይሆን ስለ መጋዝ ይሆን ነበር አለ። አብሳዩ ይህን ሰምቶ ኪኒኑን ያለ ክርክር ተቀበለ።

የተከተለው ተአምር አይደለም። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጣ መጀመሪያ የዕቃ እጣቢ መሰለው፤ ኋላ ግን ሻይ የራሱ ጣዕም እንዳለው ደረሰበት። ቅምሻውን ለሌላ አብሳይ ተወ። ከሥራ ሲወጣ በእግሩ መሄድ ልማድ ሆነለት፤ ከመውጣቱ በፊትም ጫማውን አራግፎ የእግሩን ሥር በመስታወት ያያል። የደሙ ስኳር ወረደ፤ ቁስሎቹ ገጠሙ፤ ሌሊት ውኃ ፍለጋ መነሣቱ ቀረ፤ ብዥ ይልበት የነበረው ዓይኑም ጠራለት። የጣቱ ስሜት ግን አልተመለሰም። የእህቱ ልጅም ይመለሳል ብላ አላጽናናችውም።

ወደ ሥራው ሲመለስ ድስቱ ላይ ቴርሞሜትር አሰረ፤ በጣት መለካትንም ከለከለ።

«ብረት ጣት ፈራ ማለት ነው!» አለች ጠቅላይዋ።

«አዎ፣ ፈራሁ» አላት። «ፍርሃት የጤነኛ ሰው ነው። እናንተም ስትቃጠሉ ካላመማችሁ አትኩሩ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ።»

«ያ የምትለው አዲስ ቆሽትስ? ተስፋ ቆረጥክ?»

«ለምን እቆርጣለሁ? ይምጣ» አለ ቴርሞሜትሩን ጎንበስ ብሎ እያነበበ። «ሲመጣ በሁለት እግሬ ሄጄ እቀበለዋለሁ።»