መንግሥትን ለማስታረቅ የመጡት ሽማግሌዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ድግስ ለደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ኸይራችሁን ይክፈላችሁ። ያለበሳችሁኝ ጋቢ ሞቅ ያለ ነው። የመካነ ሰላምን ብርድ ስለምታውቁት መሰለኝ።

መድረክ መሪዋ መቅደላዊት ቅድም ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ሐረግ፣ አጠር ይበል እሺ?» አለችኝ። ጠበቆቹን ሁሉ «አጠር አድርጉት» እያልኩ አፋቸውን ሳስይዝ ኖሬ፣ ይኸው በኔም ደረሰ። የእጄን ነው ያገኘሁት!

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ አንስቼ ልሰናበታችሁ። ወጣት ዳኞች በሻይ ሰዓት የምትከራከሩበትን፣ የሞት ቅጣትን። ግማሾቻችሁ «ገዳይ መሞት አለበት» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ «ሕይወትን የሰጠ ይውሰዳት» ትላላችሁ። እኔና እዚህ አጠገቤ የተቀመጠው ዳኛ አባተም በዚሁ ስንነታረክ ነው ያረጀነው።

የአበጋዝን ጉዳይ የማታውቁ አላችሁ። አበጋዝ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ፣ ሁዜይፋ የሚባለውን ጎረቤቱን ከደጎሎ ገበያ ሲመለስ አድፍጦ ገደለው። ማስረጃው የሚያጠራጥር አልነበረም፤ ጥፋተኛ አልነው። ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠየቀ። ይኑር ወይስ ይሙት የሚለው በእኛ በሦስት ዳኞች፣ በእኔ፣ በአባተና በሌላ ባልደረባችን እጅ ቀረ።

በዚያ ሳምንት ጥበቃችን ጋሽ አልታዬ እያለከለኩ መጡ። «ክብርት ዳኛ፣ በር ላይ ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሟል። ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብላቸው ማን ይስማኝ!»

ወጣሁ። ድንጋዩን የተሸከሙት የአበጋዝ አባት አቶ አምላኩ ናቸው። ሼህ አሕመድኑርና ሌሎቹ አስታራቂዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወንበር አስመጣሁላቸው። «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ።

«የሟች እናት ደሙን ለማድረቅ እሺ ብላለች፤» አሉ ሼሁ። «የቀረን መንግሥት ነው። መንግሥትን ልናስታርቅ መጣን።»

«አባቴ፣ መንግሥት እኮ በሽምግልና አይታረቅም።»

«ለምን? ልጅ የሞተባት ታርቃ፣ መንግሥት ምን ሞቶበት ነው የሚብስበት?»

የተማርኩትን ነገርኳቸው። ወንጀል የሕዝብ ጉዳይ ነው፣ ነገ ሌላው ደግሞ እንዳይገድል ነው አልኳቸው። ሼሁም፣ «እሱስ ልክ ነሽ ልጄ። ይቀጣ። ፍቱት አላልንም፤ እንዳትገድሉት ነው» አሉኝ። ውሳኔው በችሎት ብቻ እንደሚሰጥ አስረድቼ፣ ድንጋዩን አስወርጄ ሸኘኋቸው።

ለአባተ ግን አልተዋጠለትም። «ሽማግሌ ደጇ ላይ ቆሞባት እምቢ ማለት የምትችል እናት የት አለች?» አለኝ። «ደግሞስ ሁዜይፋን ማን ጠየቀው?» እውነቱን ነበር። ይህን ጥያቄ ዛሬም አልንቀውም።

በቀጠሮው ቀን የሟች እህት ፈርሂያ ልናገር ብላ ተነሳች። ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት፤ እርቁ ላይ አልተቀመጠችም። አባተ ዞር ብሎ አየኝ። አሁን ትሰሚያለሽ ማለቱ ነው።

«እኔ አልታረቅሁም፤» አለች። «ወላሂ፣ ይኼን ሰውዬ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን እዚያ አብራኝ የነበረች የኩታበር ልጅ አሠሪዋን ገድላ ሞት ተፈርዶባት ነበር። የሟች ልጆች ይማሯት ብለን ስንት ዱዓ አደረግን! ማሯት። ያኔ አልቅሼ የለመንኩትን፣ ለኔ ሲሆን እንዴት እከለክላለሁ? አትግደሉት። ግን እሰሩት። መንገድ ላይ እንዳላየው።»

እንባዬ መጣ። ዳኛ አያለቅስም ያለው ማን ነው?

ሁለት ለአንድ፣ ዕድሜ ልክ ፈረድን። አባተ የልዩነት ሐሳቡን ጻፈ። ሐቁን ልናገርና ከእኛ ፍርድ የሱ ጽሑፍ ያምር ነበር። አትሳቅ አባተ!

ሽምግልና ፍርድ ቤትን ይተካ እያልኩ አይደለም። መንግሥት ጎረቤት አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ በር ተሳስተዋል። «መንግሥት ምን ሞቶበት ነው?» ላሉኝ ግን እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

በቅርቡ ፈርሂያን ገበያ አገኘኋት። አቶ አምላኩ በእርቁ በገቡት ቃል መሠረት በየመኸሩ መጥተው የሁዜይፋን ገብስ ያጭዳሉ። «ታነጋግሪያቸዋለሽ?» አልኳት።

«አልወዳቸውም እትዬ። ግን ሽማግሌ ሰው ፀሐይ ላይ ሲያጭዱ እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ውሃ አቀብላቸዋለሁ።»

ይህን ለአባተ ነገርኩት። «አሁንም አልተስማማሁም» አለኝ። «ግን ተሳስተሽ ከሆነ ሰውየው አለ፤ ይግባኝም አለ። እኔ አሸንፌ፣ የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ ኖሮ?» ብሎ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

በሉ ልመርቃችሁ፣ ብድግ በሉ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ቂም ቋጥሮ ደጃችሁ የመጣ ሁሉ ቀለል ብሎት ይመለስ። ልጆቻችሁ እስር ቤትን በወሬ ብቻ ይወቁት። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። እናንተ ወጣት ዳኞች ደግሞ፣ አትሳሳቱ ብዬ አልመርቃችሁም፤ ሰው ናችሁና ትሳሳታላችሁ። ስህተታችሁን ልታርሙ በተመለሳችሁ ቀን ግን፣ የተሳሳታችሁበት ሰው በሕይወት ይጠብቃችሁ።

አሚን በሉ።